የሰፊዎች ቁጥር ስለመጨመሩ የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ የገቢ ዕቃዎች ቀረጥ ማሻሻያ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ድሬዳዋ፣ ሰኔ

ክቡር ሆይ፣

የድሬ ሙቀት በማይደርስበት፣ ማቀዝቀዣው በማይጠፋበት ቢሮዎ ውስጥ ሳሉ ይህች ደብዳቤ በሙሉ ጤና፣ በሙሉ እንቅልፍና በሙሉ ምሳ ላይ እንድታገኝዎ አላህን እለምናለሁ። ሳሕራ ሊበን እባላለሁ፤ ከባሕር ማዶ የሚመጣ ርካሽ ቀሚስ ባስዘጋው የሳቢያን ስፌት ፋብሪካ ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ልብስ ሰፍቻለሁ። አምና በውጭ ልብስ ላይ ቀረጡን እጥፍ አድርገው፣ የተሰደደው ሥራ በስድስት ወር ወደ አገሩ ይመለሳል ሲሉ መዳፏ እስኪቀላ ያጨበጨበችው ሴት እኔ ነኝ። ወላሂ፣ ዛሬ በዚያው መዳፍ ራሴን ብመታ ደስ ይለኛል።

ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

፩ኛ. የፋብሪካው በር አረንጓዴ ቀለም ተቀብቶልናል፤ አላህ ይስጥልን። ከበሩ ጀርባ ግን ከአንድ ዘበኛና ከሁለት ፍየሎች በቀር ወደ ሥራ የተመለሰ አላየንም። ላም አለኝ በሰማይ እያልን ዓመት ሞላን።

፪ኛ. ፋብሪካው ሲዘጋ እኔና የሥራ ባልደረባዬ ሳቢሪን በሁለት የስፌት መኪና የከፈትናት ትንሽ ስፌት ቤት ነበረችን። የተከበረው ኮሚቴዎ ዚፕንና ክርንም «የልብስ አካል ናቸው» ብሎ እዚያው ቀረጥ ውስጥ ስለከተታቸው፣ ዚፑ ከምንሰፋው ቀሚስ በላይ ተወደደና ስፌት ቤቷ ተዘጋች። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚለውን ተረት አያቶቻችን ለካ ለእርስዎ ብለው ነው ያስቀመጡት።

፫ኛ. ሥራ አልፈጠሩም ብዬ ግን አልዋሽም። ሰው ገላው ላይ ያለው ልብስ ስለማይቀረጥ፣ ነጋዴዎች ሴቶችን በቀን እየቀጠሩ ሰባት ሰባት ቀሚስ አስደርበው ከጠረፍ በአውቶቡስ ያስመጧቸዋል፤ ያውም በዚህ ሙቀት! ባለፈው ወር በጠሩን ስብሰባ ላይ ባደሉን ሪፖርት «በከተማችን የሰፊዎች ቁጥር ጨምሯል» የሚል አንብቤአለሁ፤ እውነትዎን ነው። ድሮ መርፌ ይዘን ሰፊዎች ነበርን፤ አሁን ሰባት ቀሚስ ደርበን ሰፊዎች ሆነናል። ወረቀት ላይ ሲጻፍ ያው ነው።

፬ኛ. ሳቢሪንም ከሰፊዎቹ አንዷ ሆናለች። የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ናት። ባለፈው ማክሰኞ ኬላው ላይ ተዝለፍልፋ ስትወድቅ፣ ፈታሿ ማስመሰል መስሏት ቀሚሶቹን አንድ በአንድ ገፈፈቻቸው፤ ከሰባተኛው ሥር የተደበቀ ዕቃ ስትፈልግ ያገኘችው የሳቢሪንን ሆድ ነው። ሐኪሙ ልጁ ለዛሬ ተርፏል፣ ሌላ ጉዞ ግን አይችልም ብሏል። ሳቢሪን ግን ሌላ እንጀራ ስለሌላት ሰኞ ልትሄድ ነው። አቦ፣ በዚህች ላይ ምስጋና የለኝም።

ፋብሪካዎን አልጠይቅም፤ ለፍየሎቹ ይሁን። ዚፑንና ክሩን ብቻ ከቀረጡ ያውጡልን፤ ሳቢሪን ከሰኞ በፊት መኪናዋ ላይ ትቀመጥ።

ከሰባት ድርብ ቀሚስ የሚወፍር አክብሮቴን ከነሙቀቱ እያቀረብኩ፣

በመርፌ ሰፊ የነበረችው
ሳሕራ ሊበን፣ ከሳቢያን

ማስታወሻ፦ ባለፈው ወር ስለ አገር ምርት ሲናገሩ የለበሱትን ያንን ሽክ ያለ ኮት ከፊት ወንበር ሆኜ አይቼዋለሁ፤ የውጭው ፋብሪካ ምልክት ገና ከእጅጌው አልተፈታም ነበር። ሁለተኛው ቁልፍ በአረንጓዴ ክር በመሰፋቱ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ሳቢሪን ከቀሚሶቿ ሥር ለብሳው ስትመጣ ቁልፉ ስለወለቀ፣ ለነጋዴው ከማስረከቧ በፊት የሰፋሁት እኔ ነኝ፤ ጥቁር ክር መግዛት አልቻልኩም። ብብቱ ላይ የላብ ምልክት ቢያዩም አይሳቀቁ፤ የእርስዎ አይደለም፣ የእሷ ነው።