«ተራዎን ይጠብሱ» ለሚለው ጽሑፍ ባለቤት ስለመፈለግ

ለተከበሩ የሶፍትዌር ኩባንያው የቅጥር ኃላፊ፣
ባሉበት፤

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ በተለይም የፈተና ወረቀት ሰብስቦ የማይደክመው ቀኝ እጅዎ በሙሉ ጤንነት ላይ እንደሚገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ከሁለት ወር በፊት ግቢያችን ድረስ መጥተው ከፈተኗቸው ሠላሳ ሁለት ተመራቂዎች አንዷ ነኝ። መልኬን ላያስታውሱት ይችላሉ፤ ሥራዬን ግን የረሱት አይመስለኝም።

ለፈተናዎ አራት ወር ተዘጋጅቻለሁ። «ጀነራል» የምንላት የዶርም ጓደኛዬ በየማለዳው በቁም ሣጥናችን በር ላይ በጠመኔ ኮድ እያስጻፈች፣ ስሳሳት ጣቴን በማበጠሪያ እየመታች አሠልጥናኛለች። በሦስት ሰዓት ውስጥ ለአንድ «ምናባዊ መሥሪያ ቤት» የወረፋ ፕሮግራም ሠርተን እንድናስረክብ ሲያዙን ሳልደናገር የጨረስኩት በእሷ ማበጠሪያ ነው። ቅሬታዎቼ እንግዲህ የሚከተሉት ናቸው።

1. ምናባዊው መሥሪያ ቤትዎ አሥራ አራት መስኮቶች ነበሩት፤ ስድስተኛው ለአረጋውያን ብቻ፣ ዘጠነኛው ደግሞ ከሰኞ እስከ ረቡዕ ዝግ። ምናብ እንዲህ ሲጠነቀቅ አይቼ አላውቅም። ያን ጊዜ በየዋህነቴ አደነቅሁዎት እንጂ አልጠረጠርኩም፤ ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚባለውም ለእኔ ቢጤዋ ነው።

2. ኮዳችንን በፍላሽ መውሰድዎ ደንብ ነው እንበል። ጭረን የጣልነውን ወረቀት ሳይቀር ከቅርጫት ማስለቀምዎን ግን ለግቢያችን ንጽሕና ካለዎት ፍቅር የመጣ ነው ብዬ ራሴን ላሳምን ሞክሬ አልሆነልኝም።

3. በሳምንቱ ለትምህርት ክፍላችን በላኩት ደብዳቤ ሥራዬ «ለተግባር የማይውል»፣ እኔም «ብቃት የሌለኝ» መሆኔን አረጋገጡ። በግቢያችን ደንብ እንዲህ የተጻፈበት ተመራቂ ዓመቱን ሙሉ ሌላ ቀጣሪ ፊት አይቀርብም። የሌላ ኩባንያ ፈተና የፊታችን ሰኞ ነው፤ ስሜ ከዝርዝሩ ተሰርዟል። እዚህ ላይ ቀልዴን አቁሜ ልንገርዎ፦ አልቅሻለሁ።

ትናንት ረቡዕ ልብስ ሰፊ እናቴን ዓይኗን ላስመረምር ወደ ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። መስኮቶቹን ቆጠርኳቸው፤ አሥራ አራት ናቸው። ስድስተኛው ላይ አረጋውያን ተሰልፈዋል፤ ዘጠነኛው ተዘግቷል። ከፍ ብሎ የተሰቀለው አዲስ ስክሪን በትልልቅ ፊደል «እባክዎ ተራዎን ይጠብሱ» ይላል፤ ከሥሩ የኩባንያዎ ዓርማ አለ። እናቴ ዓይኗን አጥብባ ደጋግማ አነበበችውና «ምኑን ነው የምንጠብሰው ልጄ?» አለችኝ።

«ይጠብቁ» ልጽፍ ስጣደፍ «ቁ»ን «ሱ» ያደረግኳት እኔ ነኝ። ስህተቴን ያወቅሁት ካስረከብኩ በኋላ ነበርና ስሸማቀቅ ከርሜያለሁ። መቼም ሁለት ሰዎች አንድን ፈተና በአንድ ዓይነት መንገድ ሊሠሩት ይችላሉ። ተራ ልጥበስ ብለው የሚነሱ ሁለት ሰዎች ግን አንድ አገር ውስጥ አይገኙም።

ስለዚህ ሳይቀጥሩኝ ሥራ ስላስጀመሩኝ፣ ለተግባር የማይውለውንም ሥራዬን በዚህ ፍጥነት ለተግባር ስላዋሉት ምስጋናዬ የላቀ ነው። የምጠይቅዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ከሰኞ በፊት ለትምህርት ክፍላችን «ተሳስተን ነበር» የምትል የአንድ መስመር ደብዳቤ ይጻፉልኝ። እርስዎን እንደሆነ ፊደል ሳይቀር ገልብጦ መጻፍ አይቸግርዎትም።

ከታላቅ አክብሮትና ከዚያ ከሚበልጥ ጥርጣሬ ጋር፣
ብቃት የሌላት የወረፋ ፕሮግራምዎ ሠሪ

ማስታወሻ፦ በጥድፊያ ስሠራ የተራ ቁጥሩ 9,999 ላይ ከደረሰ በኋላ ምን እንደሚከተል አልጻፍኩም፤ እዚያ ሲደርስ አሥራ አራቱም መስኮቶች በአንዴ ቀጥ ይላሉ። ለሁለተኛው ዙር ፈተና ስጠራ አስተካክለዋለሁ ብዬ ነበር። ትናንት የእናቴ ቁጥር 9,412 ነበር። የጤና ጣቢያዋን መዝጋቢ ባስጠነቅቃት «እባክሽ የሠራውን ሰው አምጪልን» ብላ ለመነችኝ፤ እኔም ሠሪዋ እኔ መሆኔን ብነግራት «ብቃት የሌለኝ» ያሉበትን ደብዳቤዎን ማስዋሸት እንዳይሆንብኝ ፈርቼ የእርስዎን ስልክ ቁጥር ሰጥቻታለሁ።