የሚዜዬ እግር

ሐሙስ

ይኸው፣ ሠርጌ ሁለት ቀን ሲቀረው አንደኛ ሚዜዬ እግሯን ተጎዳች! ወይንሸት ከባጃጅ ስትወርድ ቦይ ውስጥ ገባች። የልጅነት ጓደኛዬ ናት፤ ቤታችን ሳታንኳኳ ነው የምትገባው። ደግፌ ላስኬዳት ስሞክር ሁለት እርምጃ ሄዳ ተቀመጠች። "ቀጭ ሲል ሰምቻለሁ" አለች። ወለምታ ነው አልኳት። ራሴን ሐኪም ማድረጌ ነው እንግዲህ። በረዶ፣ ፎጣ፣ ትራስ። አራት ሚዜ፣ አንድ ዓይነት ቀሚስ፣ አንድ ዓይነት ባለ ታኮ ጫማ። ሁሉም ተዘጋጅቷል። ጌታ ሆይ፣ እባክህ።

ዓርብ

ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ያሉት ወጌሻ ጋ ወሰድኳት። ቁርጭምጭሚቷ አብጦ ጠቁሯል። ሴትዮዋ አጥንቱን በጣታቸው ነካ ሲያደርጉት ጮኸች። ወዲያው እጃቸውን ሰበሰቡ። እኔን ለብቻ ወደ ግቢው ጠሩኝና፣ "ልጄ፣ ይሄ ለእኔ እጅ አይሆንም። ዛሬውኑ ራጅ ትነሣ" አሉኝ።

ወይንሸት ምን አሉሽ ስትለኝ፣ "ጠበቅ አድርጋ ትሰረው፣ ይሻላታል አሉ" አልኳት።

ይህን እዚህ ደብተር ላይ ብቻ ነው የምጽፈው። አንድ ቀን ብቻ ነው የፈለግኩት። ሰኞ ራሴ እወስዳታለሁ።

ቅዳሜ

ተጋባን! ታምራት ቃል ኪዳኑን ሲገባ አለቀሰ። ወይንሸት ትንሿን ነጭ ቦርሳዬን ይዛ ቀኑን ሙሉ ከጎኔ አልተለየችም። ጫማው በግድ ነው የገባላት። ሐይቁ ዳር ለፎቶ ስንቆም ግንባሯን አልቧት ነበር። "ቻይልኝ" አልኳት። "ላንቺ ብዬ ነው" አለችኝ። ደስ ብሎኝ ነበር። ውሸት አልጽፍም፣ በጣም ደስ ብሎኝ ነበር።

እሑድ

ፎቶ አንሺው ጥቂት ፎቶዎች በስልክ ላከልን። ወይንሸት በሁሉም ትስቃለች። ያስተዋለው ታምራት ነው። "ቀኝ እግሯ መሬት አልነካም እኮ" አለኝ። አንድ በአንድ አየኋቸው። በአንዱም አልነካም። ለወይንሸት ስደውል እናቷ እትዬ አስቴር አነሱ። "ስታቃስት ነው ያደረችው" አሉኝ። ነገ በጠዋት እመጣለሁ አልኳቸው።

ሰኞ

ራጅ ተነሣች። በውጪ በኩል ያለው የቁርጭምጭሚቷ አጥንት ተሰብሯል፤ ስለተረገጠም ከቦታው ለቋል። ሐኪሙ "የወደቀች ዕለት አራት እርምጃ መራመድ ችላ ነበር?" ብሎ ጠየቀ። ሁለት ነበር።

"አራት እርምጃ ያልቻለ፣ አጥንቱ ሲነካ የሚያመው ሰው ወዲያው ራጅ መነሣት አለበት" አለ። "ያኔ ቢሆን ጄሶ ይበቃት ይሆናል። አሁን ግን ኦፕራሲዮን ነው፤ በብሎን ይታሰራል።"

ወይንሸት ፀጉር ሠሪ ናት። ባህል አዳራሽ ሰፈር ያለው ሱቋ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ቆማ ነው የምትውለው። "እንደ ድሮዬ እቆማለሁ?" አለችው። "እናያለን" አላት። እኔ ነኝ ይህን ያደረግኩት። እኔ ነኝ።

ማክሰኞ

ኦፕራሲዮን ከመግባቷ በፊት ነገርኳት። ወጌሻዋ ያሉትን፣ እኔ የዋሸሁትን፣ ሁሉንም። ጣሪያውን እያየች "ከሠርጉ በፊት?" አለችኝ። አዎ አልኳት። ይቅር በይኝ አልኳት። "ቦርሳሽ እኛ ቤት ቀርቷል" አለች። "በሰው እልክልሻለሁ።"

አሁን ወጥታለች። ጣቶቿን ማንቀሳቀስ ችላለች ብለው እትዬ አስቴር ነገሩኝ። ተመስገን። የክፍሏ በር ገርበብ ብሏል፤ እኔ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጫለሁ። እስካሁን ግቢ ያለኝ የለም።