ስለ መጽሐፍዎ አራተኛ ገጽ

ለክቡር ዶክተር ክራሲሚር ቮደኒቻሮቭ፣
የአውራጃችን የንባብ ቤቶች የበላይ ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣ ይህ ደብዳቤ እንደ መጽሐፍዎ ሽፋን ባማረ ጤንነት ላይ እንዲያገኝዎ ከልብ እመኛለሁ። እኛ የጎርና ሊፓ መንደር ሰዎች ደህና ነን።

የፍልስፍናና የፖሊሲ ድርሰትዎን አርባ ቅጂ፣ ሁሉንም ከነፊርማው፣ ስለላኩልን እናመሰግናለን። በንባብ ቤታችን ልማድ አዲስ መጽሐፍ መደርደሪያ ላይ ከመቀመጡ በፊት መግቢያው ሦስት ጊዜ ጮክ ተብሎ ይነበባል፤ አንዴ ለሚለው፣ አንዴ ለማን እንደሚለው፣ አንዴ ደግሞ ለሚደብቀው። ያነበቡልን ሠላሳ አንድ ዓመት የቤቱን ቁልፍ የያዙት ወይዘሮ ራድካ ናቸው። የታዘብነውን በትሕትና አቀርባለሁ።

፩. በመግቢያው የመጀመሪያ ገጽ «ሰው ምንድን ነው?» ብለው ይጠይቃሉ። ሊቃውንት ዕድሜያቸውን የጨረሱበትን ጥያቄ እርስዎ በሦስተኛው መስመር «ሰው ሐሳቡ የሚጠየቅ ፍጡር ነው» ብለው ገላገሉን። እግዜር ይስጥልን።

፪. በሚቀጥሉት ሁለት ገጾች «እኛ» አሥራ ዘጠኝ ጊዜ ተጽፏል። ብንፈልግ ብንፈልግ ከእርስዎ በቀር ሰው አጣንበት።

፫. አራተኛው ገጽ። እዚህ ላይ ትሕትናዬ ቢያንስብኝ ይቅር ይበሉኝ። «የጎርና ሊፓ ነዋሪዎች በስብሰባ ከመከሩ በኋላ የንባብ ቤታቸው እንዲዘጋ በአንድ ድምፅ ተስማሙ፤ ኃላፊዋም ቁልፉን በፈገግታ አስረከቡ» ይላል። መጽሐፉ የታተመው በሚያዝያ ነው። እርስዎ «ሐሳባችሁን ልስማ» ብለው የጠሩን ስብሰባ ግን ገና የፊታችን ሐሙስ፣ በጥቅምት ነው! ወይዘሮ ራድካ መነጽራቸውን አውልቀው፣ «እንዴ! ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነው እኮ! ደግሞ እኔ ለዚህ ሰውዬ መቼ ፈገግ አልኩለት?» አሉ። ሳቅን። እሳቸው ግን ወዲያው አለቀሱ፤ ያቺ ቤት ከተዘጋች የሚውሉበት የላቸውም፣ እኛም የለንም።

ያን ጊዜ ናቅሁዎት። የዋሸን ባለሥልጣን ብዙ ነው፤ ውሸቱን አሳትሞና አስጠርዞ በስጦታ የላከልን ግን እርስዎ ብቻ ነዎት። መግቢያ ማን ያነባል ብለው ነው፣ አይደል?

በዕውቀትዎ ልክ የሚገባዎትን አክብሮት በማቅረብ፣ መልስዎን እንደ ስብሰባው ሁሉ አስቀድመው እንዳሳተሙት በመተማመን፣

ፔንቾ ጋንዴቭ
ጡረተኛ የባቡር ጣቢያ ሹም

ድኅረ ጽሑፍ፦ መንደራችን ሠላሳ ስምንት ቤት ስለሆነ መጽሐፍዎ ለየቤቱ ደርሷል። ከተረፉት ሁለቱ አንዱን ለጋዜጣ ልከናል፤ ሌላው አራተኛው ገጽ ላይ ተገልጦ ሐሙስ ወንበርዎ ላይ ይጠብቅዎታል፤ እንደ ልማዳችን ሦስት ጊዜ ጮክ ብለው የሚያነቡልን እርስዎ ነዎት። የንባብ ቤቱን በር ወይዘሮ ራድካ በራሳቸው ቁልፍ ይከፍቱልዎታል። ፈገግታ ግን አይጠብቁ።