የሁዳዴዋ ዶሮ

ልጄ ያምሮት፣ በዐረብ አገር ብቻሽን ያልተወችሽ እመ ብርሃን ትጠብቅሽ። እኛ ደኅና ነን፤ ላሚቱም ወልዳለች።

የላክሽልኝ የወጥ ቅመም፣ ያ እንደ ከረሜላ አንድ አንዱ በወረቀት የተጠቀለለው፣ ሽንኩርት እየከተፍሁ ከማልቀስ ገላግሎኝ ነበር። አንዷን ፈርፍሮ ሽሮው ላይ ጣል ነው። ወንድምሽ ደጀኔ ከፍኖተ ሰላም መጥቶ ወረቀቱን ቢያነበው፣ «እማዬ፣ ይኼ እኮ ዶሮ አለበት!» አይለኝም? በሁዳዴ!

ነጠላዬን አንጠልጥዬ ንስሐ አባታችን ዘንድ ሮጥሁ። አባ ሰምተው አማተቡ። ለካ ባለፈው ዓርብ እኛ ቤት ያንኑ ሽሮ አስጨምረው በልተው መርቀውኛል! «ሳናውቅ ነው፤ በይ አብረን እንሰግዳለን» ብለው ሲስቁ ሸክሜ ወረደልኝ።

የተረፈውን ለፋሲካ አስቀምጫለሁ። በሰው ፊት ሞገስ ይስጥሽ። ስትልኪ ግን እባክሽ ልጄ፣ ጾመኛዋን ላኪልኝ።

እናትሽ አልጣሽ፣ ከማንኩሳ