በእኔ ማሳ የሚያልፈው ኮምባይነር

ኅዳር 17፣ ጠዋት

ላሚቱን አልቤ ገባሁ። ብርዱ ጣት ያደነዝዛል። የጋዲሴን ስንዴ ላላይ ብዬ ነበር፤ አየሁት። ደርሷል። ዳር እስከ ዳር አንድ ወጥ፣ በመቀስ የተከረከመ ይመስላል። የእኔ አጠገቡ፣ ገና አረንጓዴ።

ጋዲሴ ታናሽ እህቴ ናት። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። አላለኝም። ይህን ለአንተ ለደብተሬ እንጂ ለማን እነግራለሁ።

ኅዳር 18

ማሳ ለማሳ ተያይዞ የሚዘራበት ኩታ ገጠም ሲመዘገብ እማዬን ይዤ አሰላ ሐኪም ቤት ነበርኩ። የተመዘገቡት የድጎማውን ማዳበሪያና ምርጥ ዘር በጊዜ ወሰዱ። እኔ የተረፈው እስኪመጣ ጠብቄ፣ ዘግይቼ ዘራሁ። ያኔ ጋዲሴን ለምን እኔን አላስመዘገብሽም ብላት፣ ባለቤቱ ካልቀረበ አይሆንም አሉ አለችኝ። አመንኳት።

ዛሬ ከወረዳ እንግዶች መጥተው ማሳዋን ጎበኙ። ፎቶ አነሷት። በእኔ ስንዴ ዳር ነው ያለፉት፤ አንድም ዞር ብሎ ያየ የለም። አዲስ ሻርፕ አድርጋለች። ያምርባታል። እሱም አናደደኝ።

እማዬ የምትኖረው ከእኔ ጋር። ገላዋን የማጥባት እኔ። ማታ የምታወራው ግን ስለ ጋዲሴ ስንዴ።

ኅዳር 20

የማጨጃው ኮምባይነር ከኢተያ መጥቶ መንገድ ዳር ቆሟል። በላይ በኩል ያለው የሌሎቹ ማሳ ታጭዷል። ከገደሉ ወዲህ ደርሶ የቀረው የጋዲሴ ብቻ ነው፤ መግቢያው ደግሞ በእኔ ማሳ ብቻ።

መጣች። አልተቀመጠችም።

«እትዬ፣ ዳር ዳሩን ነው የሚያልፈው። የተረገጠውን ከእኔ ስንዴ እተካልሻለሁ።»

«የእኔ ገና አልደረሰም። አላስረግጥም።»

እሺ ብላ ሄደች። በቃ። ብትለምነኝ ምናለ። እንቢ ማለቱ ሲጣፍጠኝ ዋለ፤ አሁን አፌ መሯል።

ኅዳር 21

ሰማዩ ከጭላሎ ተራራ በኩል ጠቁሯል። ጋዲሴና ባሏ በማጭድ ጀምረዋል። የማይገፋ ሥራ። ሾፌሩ ከነገ ወዲያ ወደ ባሌ እሄዳለሁ ብሏል አሉ።

እማዬ ኮምባይነሩ ለምን ቆመ ብላ ጠየቀችኝ። ተበላሽቶ ነው አልኳት።

ከሰዓት አካፋ። ደስ አለኝ። እውነቱን ልጻፍ፤ የእህቴ ስንዴ ሊበሰብስ ነው ብዬ ደስ አለኝ። ትንሽ ቆይቶ ራሴን ፈራሁት። እራት አልበላሁም።

ኅዳር 22

ዛሬ ገና ጤዛው ሳይረግፍ ማጭድ ይዤ ወጣሁ። ለማንም አልተናገርኩም። ከመንገዱ ጀምሬ የራሴን አረንጓዴ ስንዴ ማጨድ። ኮምባይነሩ የሚያልፍበትን ያህል። ለላሚቱ መኖ ይሆናል ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

ቀና ስል ጋዲሴ አይታኝ፣ ከወዲያ ጫፍ ያንኑ መስመር እያጨደች ትመጣለች። መሐል ላይ ልንገናኝ ጥቂት ሲቀረን ወገቧን ይዛ ቆመች።

«የምዝገባው ቀን ስምሽን ብነግራቸው ይጽፉልኝ ነበር» አለችኝ። «አልነገርኳቸውም።»

«ለምን?»

«እማዬ ካንቺ ጋር ነው የምትኖረው። እኔ ጋ ነይ ብትባል አትመጣም። ልጅም ሆነን ትልቋ፣ ትልቋ፣ አንቺ ብቻ። አንድ ጊዜ እንኳ ልብለጥሽ ብዬ ነው።»

ማጭዱን ልወረውረው ነበር። ስታለቅስ አየኋት፤ እኔም ፊቴን ወደ ገደሉ አዞርኩ። እሷ እኔ ጋ ያለችውን እማዬን ስትመኝ፣ እኔ የእሷን ስንዴ።

ይቅር አላልኳትም። የቀረችውን ቁራጭ ግን አብረን አጨድን። ነዶውን እሷ ተሸክማ በረት ድረስ አደረሰችልኝ።

ማታ

ኮምባይነሩ ነገ ጠዋት ያልፋል። ለሾፌሩ ነግሬዋለሁ። ቆሜ ግን አላይም፤ ያን ያህል ልብ የለኝም። እማዬም እኔ ስለምናት እሺ ብላለች፤ ጋዲሴ ቤት አድርሻት ኢተያ ገበያ እወርዳለሁ።