ቀይ ወይስ ነጭ

ኤፕሪል 19፣ እሁድ
ዝናብ። ሰው ጥቂት። ልጄ ሮንዳ ዛሬም አልመጣችም። ጃንዋሪ ላይ ልትወልድ ጥቂት ሲቀራት ልጇ በሆዷ ከሞተችባት ወዲህ የቤተ ክርስቲያኑን ደጃፍ አልረገጠችም። ወዳጄ ስቴን ኮቱን ቦታዋ ላይ ሊያስቀምጥ ሲል ገላመጥኩት።

ምን ልበላት? ስደውልላት ስለ መኪናዋ ጎማ እጠይቃታለሁ። አባት ነኝ ወይስ ጋራዥ?

ኤፕሪል 26
የቤተ ክርስቲያን ስብሰባ። ፓስተር ሊቭ ወደኛ ከመጣች ገና ዓመት ሳይሞላት የእናቶችን ቀን ልታሻሽል ተነስታለች። ስንት ዓመት ሙሉ በዚያ ቀን የቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ሰው ተቀባይ ሆኜ ቆሜ “እናትህ አለች ወይስ ሞታለች?” እያልኩ ስጠይቅ ኖሬያለሁ። እናቱ ላለች ቀይ አበባ፣ ለሞተችበት ነጭ፣ ደረት ላይ ይሰካል። ማን ተቀየመ?

“አቶ ሃርላን፣ ጥያቄው የሚያማቸው አሉ። ዘንድሮ አበቦቹን ጠረጴዛ ላይ እናድርግና ሰው ራሱ ያንሳ።”
“እኔስ?”
“እርስዎ ፈገግ ብለው ይቆማሉ።”

ፈገግ! በጠረጴዛ ተተካሁ።

ቤት ገብቼ ስጮህ ባለቤቴ በርናዲን ከምታጥበው ሳህን ቀና ሳትል፣ “ሮንዳ እመጣለሁ ብላለች” አለችኝ። “በር ላይ ማንም ምንም ካልጠየቀኝ ነው ያለችው።”

እንግዲህ ጠረጴዛው ይቁም።

ሜይ 9
በርናዲን እያለማመደችኝ ነው። በጓዳ በር ትገባለች፣ እኔ ዝም ብዬ ፈገግ እላለሁ።

“ጥርሱን ያመመው ሰው ነው የምትመስለው” አለች።

ትንሽ ቆይቶ “እናትሽ...” የሚል ቃል አመለጠኝ። ፎጣ ወረወረችብኝ። እግዜር ይርዳኝ።

ሜይ 10፣ የእናቶች ቀን
ጉድ ነው! እኛ ዘንድ ማን ቀድሞ ያነሳል? “አንተ ቅደም”፣ “ኧረ አንቺ ቅደሚ”... ጠረጴዛውን ስለከበቡት በሩ ተዘጋ። ደሞ ሳልጠይቃቸው ይነግሩኛል። “ሃርላን፣ የኔ እኮ ሞታለች” ይለኛል ስቴን። ሬሳ ሳጥኗን የተሸከምኩት እኔ!

አርኒ ሲገፉት ያገኘውን አፈፍ አድርጎ ነጩን ደረቱ ላይ ሰካ። እናቱ ጉድሩን፣ ዘጠና አንድ ዓመቷ ነው፣ ከኋላው በምርኩዟ ወጋ አደረገችው። “አንተ! መቼ ቀበርከኝ?”

ሰው በሳቅ ፈረሰ። መሃል ላይ የማውቀውን ሳቅ ሰማሁ... ሮንዳ! በሩ ላይ ቆማለች። ልቤ ዘለለ። ምላሴን ነከስኩና ፈገግ አልኩ።

ቀይ አነሳችና ሰካች። እናቷ አለች፣ ልክ ነው። ከዚያ ነጭ አነሳች። ይዛው ቆመች።

“አባዬ፣ ምን ሆነሃል?”
“ምንም። አልጠይቅም።”
“ከጃንዋሪ ጀምሮ እኮ አልጠየቅከኝም።”
“ማንም እንዳይጠይቀኝ ብለሽ...”
“ማንም አልኩ እንጂ አንተን አልኩ?”

“ነጩ... ለማን ነው?”
“ለልጄ። ኤልሲ ብያት ነበር።”

ስም እንዳላት እንኳ አላውቅም ነበር። እኔው ሰካሁላት። አለቀስኩ፣ ያውም ስቴን ፊት። ምን አባቱ!

ሜይ 25፣ የሞቱ ወታደሮች መታሰቢያ ቀን
ጠዋት መካነ መቃብር። እንደ ወትሮው የወታደሮቹ መቃብር ላይ ባንዲራ ተከልን። ዘንድሮ ሮንዳ አብራኝ ዞረች። ስለ ኤልሲ ጠየቅኳት። ፀጉሯ ድፍን ጥቁር ነበር አለች። አውራ ጣቷ ደግሞ ቁርጥ የኔን።

“የኔን? ምስኪን!” አልኩ።

ሳቀች። ከዚያ አለቀሰች። እኔም። ባንዲራ የያዙ ሰዎች በአክብሮት ዞር አሉልን፤ ወታደር ዘመድ ያለን መስሏቸው ይሆናል።

ስንለያይ የመኪናዋን መስኮት አወረደች። “አባዬ፣ ነገም ጠይቀኝ።”

እሺ አልኩ።