የኮከቡን መርዶ ላረዱን ጓድ

ለተከበሩ ጓድ ታዘበው ሣህለ ማርያም
አምና የብሔራዊ ውትድርና ምልመላ፣ ዘንድሮ የኅዋ ሳይንስ ጉባኤ አዘጋጅ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ብቸና

ከሁሉ አስቀድሜ በስብሰባ ብዛት የደከመው ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል እያልኩ፣ ልጆችዎ ማታ ማታ በየአልጋቸው መተኛታቸውን ለሚያየው ዓይንዎ ረጅም ዕድሜ እመኛለሁ። እኔ ባሌ የሞተብኝ፣ ፊደልን ከእሱ ዳዊትና ከስኳር መጠቅለያ ጋዜጣ ለቅሜ የተማርኩ ሴት ነኝና በአጻጻፌ ጉድለት ቢያገኙ ይቅርታዎን እለምናለሁ። ደብዳቤውን በአዳራሹ በር ላይ የለጠፍኩት ቢሮዎ ሥራ እንደሚበዛበት ስለማውቅ፣ አላፊ አግዳሚው አንብቦ እንዲያስታውስልኝ ብዬ ነው። ምስጋናዬን በተራ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ አጠራርዎ። ለጉባኤው ሰው እንዳይጎድል አስበው የእድራችን ጥሩምባ ነፊ አቶ ወልደ ኪዳን ጎህ ሳይቀድ እንዲነፋ አዘዙ። እርስዎም የዚህ አገር ልጅ ነዎትና ያ ጥሩምባ በዚያ ሰዓት የሚነፋው ሰው ሲሞት ብቻ መሆኑ ጠፍቶዎት አይደለም። ጎረቤቶቼ ቀብር መስሏቸው ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ወጡ። ስብሰባ መሆኑን መንገድ ላይ የሰሙት ደግሞ፣ ቀርቼ እንዳልቀጣ አዝነውልኝ፣ መርጌታ አካለ ወልድን አስቀድመው ሊጠሩኝ ደጄ መጡ። ልጇ ዘምቶ ወሬው የጠፋባት እናት፣ በንጋት በሯን ስትከፍት መርጌታውን ከፊት፣ ጎረቤቱን ነጠላ አዘቅዝቆ ከኋላ ስታይ ምን እንደሚመስላት ለእርስዎ ማስረዳት ድፍረት ይሆንብኛል። የአንድ ልጄን የቀለሙን ስም ጠርቼ ወደቅሁ። ከኋላ የቆሙት ስሙን ሲሰሙ እውነት መስሏቸው አብረውኝ ጮኹ። መርጌታ «ኧረ እመት ይርጋነሽ፣ መርዶ አይደለም! የጨረር ስብሰባ ነው!» እያሉ ቢለምኑ ማን ይስማቸው። ነገሩ እስኪገለጥ ፀጉሬን ተላጭቼ ጥቁር ለብሼ ነበር።

ሁለተኛ፣ በዚያው ሁኔታዬ አዳራሽ እንድገባ ስለተደረገልኝ። ከውጭ አገር ጉባኤ የተመለሱት ዶክተር ኃይለ ጊዮርጊስ ስለ ጋማ ጨረር አስረዱን። ዓይን የማያየው ብርሃን ነው አሉ። አየራችን አያሳልፈውምና መመልከቻው ቴሌስኮፕ ወደ ኅዋ ተልኳል፤ ጨረሩ በመስተዋት የሚሰበሰብ ስላልሆነ አንድ በአንድ እየጠበቀ ይለቅመዋል፤ ለአንድ ኮከብ ሲባል ሳምንታት ሙሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ዞሮ ይቆያል። ከሚጠብቃቸው አንዱ የሞተ ኮከብ ነው ሲሉ እጄን አወጣሁ፤ መሞቱን በምን አወቃችሁ ብዬ ጠየቅሁ። «እናቴ፣ ትቶት ከሄደው ነገር ነው የምናውቀው። ከዘጠኝ መቶ ዓመት በፊት ሲፈነዳ ያዩ የቻይና ሰዎችም ቀኑን ጽፈው አቆይተውልናል» አሉኝ። በዚያ ቀን እናቴ ያለኝ ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው። እኔም ልብ አገኘሁና፣ ወደ ሰሜን ግንባር የሄደውንስ ልጅ እንዲህ የሚጠብቅለት ቢሮ የቱ ነው ብዬ እርስዎን ጠየቅሁ። «ከርዕስ ውጪ ነው! ቁጭ በይ!» አሉኝ። ተቀመጥኩ። ርዕስ ለሚባል ነገር ያለዎትን ጥንቃቄ ከልቤ አደንቃለሁ።

ሦስተኛው አጭር ነው። ቀለሙ አምና ምልመላውን ሸሽቶ ሞጣ እህቴ ባንቺዓለም ቤት ተደብቆ ነበር። ቀርቦ የተመዘገበ ተማሪ ወደ ትምህርቱ ይመለሳል የሚል ማስታወቂያ በእርስዎ ፊርማ ወጣ፤ አንብቤ አመንኩ፤ ሞጣ ሄጄ ይዤው መጣሁ። ማንበብ የማይችሉት ጎረቤቶቼ ልጆቻቸውን አላወጡም።

አራተኛ፣ ጥቁር ልብሴን እንዳወልቅ በሴቶች ማኅበር በኩል ስለደረሰኝ ትእዛዝዎ። ሞቱ ላልተነገረ ወታደር ማዘን የሠራዊቱን ሞራል ይነካል ተብያለሁ። ስለ ሠራዊቱ ሞራል ማሰብዎ የሚያስመሰግን ነው፤ የእኔ ልጅም በውስጡ አለበት፣ ወይም ነበረበት። የተቸገርኩት እዚህ ላይ ነው። መርጌታ መሞቱን የሚነግረኝ ሳይኖር ፍትሐት አላደርስም ይሉኛል፤ ልክ ናቸው። እኔም መኖሩን የሚነግረኝ ሳይኖር ጥቁሬን አላወልቅም፤ እኔም ልክ ነኝ። በስህተት መልበሴን አልክድም። ግን አንዴ ስሙን ጠርቼ አልቅሼለታለሁና ጥቁሩን እንዲያው ባወልቀው እንደገና የቀበርኩት ይመስለኛል። ስለዚህ አንድ ቃል እለምናለሁ። አለ ይበሉኝና አዳራሽዎ ፊት ለፊት፣ ሰው ሁሉ እያየ አወልቀዋለሁ። የለም ካሉም ለኮከቡ የተደረገለት ይደረግለትና የሞተበትን ቀን ይንገሩኝ። ወደ ትምህርቱ ይመለሳል ብለው ፈርመው ለምን ወሰዱት ብዬ አልጠይቅም፤ ከርዕስ እንዳልወጣ እጠነቀቃለሁ።

ከሰማይ ዳር የሚመጣ ነገር ለማያመልጠው ኮሚቴዎ እጅ እየነሳሁ፣ ከአዳራሹ በታች ሦስተኛው ቤት ሆኜ መልስዎን እጠብቃለሁ።

የቀለሙ እናት
ይርጋነሽ ኃይለ ሚካኤል
ብቸና፣ ኅዳር ፲፱፻፹፫ ዓ.ም.

ድኅረ ጽሑፍ፦ ስለዚህ ደብዳቤ ሊያሳስሩኝ ሰው የሚልኩ ከሆነ፣ እባክዎ ቀን ላይ ይላኩት። በንጋት የመጣ እንደሆነ መርዶ ነጋሪ መስሎኝ አመሰግነዋለሁ፤ ለእርስዎ መልእክተኛ የሚሆን ምስጋና ደግሞ ከዚህ በላይ ጽፌ ጨርሻለሁ።